ሰሙ ከታች

አክስቴ ኦቲሊያ ስትሞት ለእኔ የደረሰኝ
ቤት አይደለም፣ መሬት አይደለም፤
አንድ ቁም ሣጥን ሙሉ ፍርሃት ነው ያወረሰችኝ።

ዐሥራ አንድ ስኒ፣ ሰማያዊ ሐረግ የዞረው፣
(ዐሥራ ሁለተኛው፣ በእናቷ ሠርግ ሳምንት፣ ነውጥ የሰበረው)፤
የፋኖስ ብርጭቆ፣ እንደ ሕፃን ጥፍር የሳሳ፣
ከመርከብ የወረደ ባሮሜትር፣
“ማዕበል” ላይ ቆሞ አርባ ዓመት ሌላውን አየር የረሳ፤
እና እሷ፣ ሆደ ሰፊዋ የሾርባ ማቅረቢያ፣
ክዳኗ ላይ የሸክላ ሎሚ የተቀመጠባት፣
የጠርዟን ወርቅ የሦስት ትውልድ ጨርቅ ወልውሎ የጨረሰባት።

ያለሁት ቫልፓራይሶ ነው፤ ቤት በገደል የሚንጠለጠልበት፣
ምድር እንደ ፈረስ ቆዳዋን እያርገፈገፈች ዝንብ የምታባርርበት።
እዚህ አገር ሸክላ መውደድ፣
ጨው ተሸክሞ፣ ዝናብ ባረገዘ ሰማይ ሥር፣
እያፏጩ መንገድ መሄድ።

አክስቴ ግን መላ ነበራት።
እሑድ ቅዳሴ ሲያበቃ የሻማ ጉራጅ ትለቅማለች፣
በሰርዲን ቆርቆሮ አቅልጣ፣ በአውራ ጣቷ አድቦልቡላ፣
ከየዕቃው እግር ሥር ትለጥፋለች።
“ሰሙ ከታች፣ ወርቁ ከላይ፤
እንዲህ ካልሆነ የቆመ የለም” ትለኛለች።

እኔ የአሳንሰር ሠራተኛ ነኝ።
ሠላሳ ዓመት ሰው ከወደቡ ወደ ኮረብታው ሳወጣ፣
ዓሣ የገዛችውን፣ የሰከረውን፣ ሙሽራውን ይዤ ስመጣ፣
አንድ ቀን ማንንም አላንገጫገጭኩም።
እጄ ረጋ ያለ ነው። እጄን ጠርጥሬው አላውቅም።

ከእነሱ ጋር መኖር እንዲህ ነው፦
በር በትከሻ ይዘጋል፣ ቀስ ተብሎ፣ እንደ ሌባ።
ኔሊዳ ድመት ፈለገች፤ ድመት ቤታችን አልገባ።
የልጅ ልጆቻችን ሳሎን ሲደርሱ፣ ማንም ሳያዛቸው፣
እንደ እስረኛ ወደ ኋላ ይጣመራል እጃቸው።

ውርሱ ይበቃኝ ነበር። ሕመሙ ግን ተላላፊ ነው፤
ቅዳሜ ገበያ፣ ከዶን ኤሌውቴሪዮ ምንጣፍ ላይ፣
እጀታ የሌለው ማንቆርቆሪያ ዐየሁና አሳዘነኝ፤
የሁለት ሰዎች ስም በወርቅ የተጻፈበት የሠርግ ሳህን፣
ማን ይሁኑ ማን ሳላውቅ፣ ይዤው ልግባ አሰኘኝ።
እንዲህ እንዲህ እያለ የማላውቃቸው ሰዎች ሠርግ
ግድግዳዬን ሞላው።
ኔሊዳም ጠየቀች፦ “ሙሽሮቹን ማነው ምሳ የሚያበላው?”

ከዚያ ያ ሌሊት መጣ።
መጀመሪያ ውሾች፤ ቀጥሎ ዝም፤
ቀጥሎ ብርጭቆዎቹ እርስ በርስ ማንሾካሾክ ያዙ፣
ወለሉ እንደ ጀልባ ዋለለ፣ የወደቡ መብራቶች ፈዘዙ።
ኔሊዳ ከበሩ መቃን ሥር፣ በባዶ እግሯ፣ ስሜን ትጠራለች፤
እኔ ቁም ሣጥኑን አቅፌያለሁ።
ጉንጬን እንጨቱ ላይ አድርጌ “አይዞህ” እለዋለሁ።

ሲነጋ አንድም አልተሰበረ። ሰሙ ይዟል።
የጎረቤት ጭስ መውጫ ወድቆ፣ የእኛ ስኒ ቆሟል።
ኔሊዳ መስኮቱን ከፈተች፣
“ሣጥኑን ነው ያቀፍኸው” አለች።
ሌላ አልጨመረችም።
ቂም አይደለም፤ ግን መደርደሪያ አገኘ።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ፣ ማክሰኞ፣ ጠራራ ቀትር፣
ቅጠል በማይነቃነቅበት ሰዓት፣
አቧራ ልጠርግ ስንጠራራ
የሸሚዜ እጅጌ ቁልፍ ሎሚዋን ያዛት።
ይኸው ነው። ምድር የማረቻትን ክዳን
ያ የማልጠረጥረው እጅ ጣላት።

ኔሊዳ መጥረጊያ ይዛ መጣች። ዐየችኝ።
መጥረጊያውን ግድግዳ አስደግፋ አንድ ስኒ አነሣች፣
ከሥሩ ያለውን ሰም በጥፍሯ ፋቀች፣
ሻይ ቀዳችበት፣ ሰጠችኝ።
ስኒው ሞቀ። ሙቀት የሚያውቅ አይመስለኝም ነበር።
ጠርዙ በአንድ በኩል ሟልጯል፤
ለካ ከእኔ በፊትም ከንፈር ነክቶታል።

ሎሚዋ አልተሰበረችም። አሁን ወጥ ቤት፣
ከእውነተኞቹ ሎሚዎች ጋር አንድ ሳህን ውስጥ ናት።
ባለፈው እሑድ ትንሿ ሮሲዮ፣ እጇን ከኋላዋ ፈትታ፣
ለዓሣዋ መርጣ አነሣቻት፣
በሁለት መዳፏ ጨምቃ፣ ጨምቃ፣
“አያቴ፣ ይቺ ደርቃለች” ብላ መለሰቻት።